ለሴት ልጅ የተተኮሰች ጥይት

እኔ የሻረግ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ብርቄ ትጽፋለች። ይህን ስል ቀና ብላ አይታኝ ሳቀች፤ ትሳቅ። "እማየ፣ ያንን ነገር ሳትሞች አስጽፊኝ" እያለች ስንት ዓመት ጨቅጭቃኛለች። እኔ ደግሞ ሲጨቀጭቁኝ እልኸኛ ነኝ፣ "ሞቼ አስጽፍሻለሁ" እላት ነበር። አሁን ግን ጉልበቴም አልታዘዝ አለኝ፣ ያንን ቀን የሚያውቁ ሰዎችም አንድ በአንድ አለቁ። ስለዚህ ተቀመጭና ጻፊ አልኳት።

የተወለድኩት ወይራ ሜዳ ነው፤ ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለ ቀየ። የተዳርኩት ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ቆቅ አምባ። ወንዙን ሙቀጫ እንለዋለን። ክረምት ላይ ያስፈራል እንጂ በበጋ ጉልበት አያረጥብም። አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ ከተጣራ ባሌ ቤት ድረስ ይሰማል። ስዳር እናቴ ያላለቀሰችው ለዚህ ነው፤ "ማዶ ለማዶ ሆነን ምን ያስለቅሰኛል?" ብላ ነበር። ምን ታውቃለች እሷ።

አባቴ፣ ስሙ አለኸኝ ነው፣ አንድ በሬ ነበረው፣ ቡሬ የሚባል። የባሌ አባትም አንድ በሬ ነበራቸው፣ ስሙ ዳማ። ጥንድ በሬ ያለው ሰው ያኔ ባለጸጋ ነው። አንድ ያለው ግን አንድ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተን ማሳ እናርሳለን፣ ነገ የእኔን። ቡሬና ዳማ ለስንት ዓመት በአንድ ቀንበር አረሱ። ቡሬ በቀኝ፣ ዳማ በግራ፤ ቦታቸውን ቢያለዋውጧቸው አይሄዱም። ማታ ተፈትተው ዳማ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ሲነዳ ቡሬ እያየው ይጮህ ነበር። እኔና ጎበዜ የተጋባነው በሬዎቹ ከተጋቡ ከስንት ዓመት በኋላ ነው እያልኩ ባሌን አበሽቀው ነበር። አባቱ ሲሞቱ ዳማ ለእሱ ደረሰው፣ ቅንጃውም ከአባቴ ጋር እንዳለ ቀጠለ።

ያ ዘመን ሲታወሰኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ድምፅ ነው። ጠዋት አባቴ ከአንዱ ትልም፣ ጎበዜ ከሌላው ሆነው በሬዎቹን ሲያባብሉ፣ ጅራፉ ሲጮህ፣ እኔ ምሳ ይዤ ስደርስ "ይኸው መጣች፣ ፍታቸው!" ሲባባሉ። ሁለቱም ከአንድ ገበታ ይበሉ ነበር። አባቴ ሥጋ ካገኘ ለጎበዜ ያጎርሰዋል፣ ጎበዜ አፍሮ አንገቱን ይሰብራል። ያችን ቀን ብትመልሱልኝ የቀረኝን ዕድሜ ውሰዱት ብል ደስ ይለኛል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ሲሠራ ለእኛ የሩቅ ወሬ ነበር። ኋላ ግን ወደ መንገዱ ወረደና የቆቅ አምባን ሰዎች ሰብስቦ "መንገድ ጠብቁ" ብሎ አራት ጠመንጃ ከነጥይቱ ሰጣቸው። ወደው አልተቀበሉም፤ እምቢ ያለ ቤቱ እንደሚቃጠል አይተዋል። ከአራቱ አንዱ የደረሰው ለባሌ ታላቅ ወንድም ለአያ ካሴ ነው። አያ ካሴ የራሳቸው ጥንድ በሬ ያላቸው፣ ቁጡ፣ ነገር ግን ቅን ሰው ነበሩ።

ወይራ ሜዳዎች ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። "መንገዱ ከእነሱ ሩቅ ነው፣ እኛ ግን ለእነሱ ቅርብ ነን። ታዲያ ያ ጠመንጃ የሚጠብቀው ማንን ነው?" ተባባሉ። በዚያው ሰሞን ከቆላ የመጣ ነጋዴ ጠመንጃ በበሬ እየለወጠ ያልፋል። አባቴ አንድ ቀን ቡሬን ነድቶ ሄዶ ውጅግራ ተሸክሞ ተመለሰ።

እናቴ ምን እንዳለችው ልንገራችሁ። "በል አሁን እሱን ጥመደውና እረስበት" አለችው።

ቡሬ ከሄደ ዳማ ብቻውን ምን ያደርጋል? ጎበዜ ሦስት ቀን ማሳውን ዞሮ እያየ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ዳማን ነድቶ ወጣና ምንሽር ይዞ ገባ። እኔ ማጀት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ።

"አባትሽ ጠመንጃ የገዙት ለማን ነው?" አለኝ።

"ለጣሊያን ነዋ!"

"ታዲያ ለምን ወደ እኛ ዞረው ይቀመጣሉ?"

ለጥየቃ ወላጆቼ ዘንድ ስሄድ ደግሞ አባቴ በተራው፣ "ባልሽ ምንሽር የያዘው ለማን ነው?" ይለኛል።

"ለጣሊያን ነዋ፣ አባየ!"

"ጣሊያን የሰጣቸው ሰዎች ለጣሊያን ይተኩሳሉ?"

ሁለቱም ሲጠየቁ ለጣሊያን ነው ይላሉ። ጣሊያን ግን ሙቀጫ ወንዝ ላይ አንድ ቀን እንኳ እግሩን ታጥቦ አያውቅም። ከዚያማ የአንዱ ጠመንጃ ለሌላው ምክንያት እየሆነ ሄደ። ቆቅ አምባ ስድስት ደረሰ ሲባል ወይራ ሜዳ ሰባት፣ ወይራ ሜዳ ሰባት ሲባል ቆቅ አምባ ዘጠኝ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወንዶች የሚያወሩት ስለ ዝናብ መሆኑ ቀርቶ ማዶ ስንት ጠመንጃ እንዳለ ሆነ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ በዚህም በዚያም "ስንት ሆኑ?" እባላለሁ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፣ "መድፍ አስገብተዋል" ብዬ አንድ ጊዜ ቀለድኩ። ለካ ቀልድ የሚታወቅበት ጊዜ አልፎ ኖሯል፤ በማግስቱ ወይራ ሜዳዎች መሻገሪያው ላይ የድንጋይ ካብ ካቡ። ቆቅ አምባዎችም ካቡ። ያቺን ቀልድ ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

እንዲህ እንዳለን ግንቦት ገባ። ሰማዩ መጥቆር ጀመረ፣ አገሩ በሙሉ የሚያርስበት ጊዜ ነው፤ የአባቴም የባሌም ማሳ እንደ ደረቀ ቆዳ ተዘርግቶ ቀርቷል። እኔም ቀኔ ደረሰ።

በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ወር ቀደም ብዬ መሄድ ነበረብኝ። ግን ዛሬ ነገሩ ይብረድ፣ ነገ ይብረድ ሲባል ምጤ አንድ ቀን ማለዳ ቆቅ አምባ ላይ ያዘኝ። ጎበዜ በድንጋጤ በቅሎ ተውሶ መጣና አወጣኝ። ምንሽሩን አንግቷል። አያ ካሴ ከፊት ከፊት ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይሄዳሉ። እኔን ያየ ምጥ የያዛት ሴት ናት አይልም፣ ምርኮኛ ነው የሚለው።

መሻገሪያው ጋ ደረስን። ማዶ ካቡ ላይ የነበረው ጠባቂ ጮኸና ባለጠመንጃዎቹ ካቡ ላይ ተደረደሩ፣ አባቴና እናቴም እየሮጡ መጡ። አባቴ ውጅግራውን ይዟል። ወንዙ እንደ በጋው ነው፣ በእግር የሚሻገሩት።

"ጎበዜ! ልጄን አምጣልኝ!" አለ አባቴ።

"መጥተው ይውሰዷት!"

"አንተ አሻግራት እንጂ!"

"ጠመንጃዎን ያስቀምጡና ላሻግራት!"

"አንተ አስቀድም!"

"እርስዎ ታላቅ ነዎት፣ እርስዎ ይጀምሩ!"

"አንተ ወጣት ነህ፣ አንተ ጀምር!"

እስቲ ፍረዱ! እኔ በቅሎ ላይ ቁጭ ብዬ ምጡ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ እነሱ እርስዎ አንተ እየተባባሉ በአክብሮት ይከራከራሉ። ጎበዜ ካቡ ላይ የተደረደሩትን የወይራ ሜዳ ጠመንጃዎች ያያል፣ አባቴ የቆቅ አምባን ያያል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሁለቱም ይወዱኝ ነበር። ግን አንዱም ጎንበስ ብሎ ያንን ብረት መሬት ላይ ማኖር አቃተው።

"ተውት!" አልኩና ከበቅሎው ወረድኩ። "እግር አለኝ።"

"የሻረግ!" አለ ጎበዜ ክንዴን ይዞ።

"ልቀቀኝ! ጠመንጃህን ያዝ፣ እንዳይወድቅብህ!"

ውሃው ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። መሀል ላይ ስደርስ ምጡ መጣና ድንጋይ ይዤ ቆምኩ። ያኔ እናቴ ከማዶ ውሃውን እየመታች መጥታ አቀፈችኝ። እሷ የምታስቀምጠው ጠመንጃ ስላልነበራት መምጣት አላቃታትም።

ካቡን አልፈን ስንወጣ አባቴ ወደ ማዶ ዞሮ ጮኸ።

"ስሙ! ወንድ ከሆነ ሰባት እልልታና አንድ ጥይት ትሰማላችሁ፤ እንዳትደነግጡ!"

ያው እንደ ልማዱ ነው። ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፣ ጥይት ያለው ይተኩሳል።

"ሴት ከሆነችስ?" አሉ አያ ካሴ።

"ሴት ከሆነች ሦስት እልልታ ብቻ! ለሴት መቼ ይተኮሳል?"

"እንግዲያውስ ከሦስት እልልታ በኋላ ጥይት ከሰማን በእኛ ላይ እንደተተኮሰ እንቆጥረዋለን!"

"ቁጠሩት!" አለ አባቴ። ቃሉን ያወጣው ራሱ ነው።

ምጤ ጸናብኝ። ጠዋት የጀመረው ቀትር አለፈው። አዋላጇ እትየ ጥሩየ፣ መንደሩን በሙሉ ያዋለዱ ሴት፣ እጃቸውን በቅቤ አሽተው ይመለሳሉ፣ አንዴ ይቆጡኛል፣ አንዴ ያባብሉኛል። እናቴ "ማርያም ማርያም" ትላለች። አባቴ ከደጅ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ሲማጸን ይሰማኛል፤ "እሷን ተይልኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም" ይላል። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባልዋሽ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ዓይኔ ፊት ቤቱ እየራቀ ሄደ።

ፀሐይ ካጋደለች በኋላ ልጅቷ ወጣች። ወጣች እንጂ ድምፅ የለም። እትየ ጥሩየ ዘቅዝቀው ያዟት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፣ አፏን በጣታቸው ጠረጉላት። ያ ዝምታ ስንት ጊዜ እንደቆየ እንጃ። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል "ኧ" አለች። ቀጥላ ጮኸች፣ እህህ፣ እንዴት ጮኸች!

እናቴ ወደ በሩ ሄደች። ድምፅዋ ተቆራርጦ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ማዶ እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ጎበዜ ከካቡ ጀርባ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል። ሰምቶ እፎይ ሲል ታየኝ።

አባቴ ከደጅ፣ "ልጄስ? የሻረግስ?" አለ።

"አለች" አለችው እናቴ። "ሁለቱም አሉ። ሴት ናት።"

ወዲያው ድው! አለ። ከጣሪያው ሣር ፊቴ ላይ ረገፈ። የባሩዱ ሽታ በበሩ ገባ።

"ለሴት?" አሉ እትየ ጥሩየ ክው ብለው። "ሰውዬው አበደ እንዴ?"

አላበደም። ከቀትር ጀምሮ ደጅ ላይ የሞትኩበት ሰው ነው፤ አለች ሲባል ደስታው የሚገባበት ቦታ አጣ። ቃሉንም፣ ልማዱንም፣ ማዶውንም ረሳ። እኔም ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም። እኔ ስወለድ ያልተተኮሰ ለልጄ ተተኮሰ ብዬ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን ሳልጨርስ ከማዶ ኡኡታ ተነሣ።

አያችሁ፣ ለሴት ልጅ መወለድ አይተኮስም፣ ለሞት ግን ይተኮሳል። ማዶ ያለው ሰው ሦስት እልልታ ሰማ፤ ሴት ተወለደች አለ። ከዚያ ጥይት ሰማ። ወይ እናቲቱ ሞታለች፣ ወይ ደግሞ በቃሉ መሠረት በእነሱ ላይ ተተኩሷል። ከሁለቱ ሌላ በማንም ልብ ሊመጣ አይችልም። አገራችንን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ "ደስ ብሏቸው ነው" ብሎ ይተወው ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ልማዳቸውን አብጠርጥረው ስለሚያውቁ ተሳሳቱ።

የአያ ካሴ ድምፅ ደረሰን፤ "ቃል ፈረሰ! ተነሥ!" የጎበዜም ድምፅ ተሰማኝ። ስሜን ነበር የሚጠራው። እየጮኸ፣ እያለቀሰ። ሞተች ብሎ ነው።

"ወይኔ! ምን አደረግሁ!" አለ አባቴ ከደጅ። "ቆዩ! ቆዩ እናንተ ሰዎች!" እያለ ወደ ወንዙ ሲሮጥ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። እናቴ "ያንን ነገር ጥለህ ሂድ!" ብላ ጮኸችበት፤ አልሰማትም። ሰባት ወር ሙሉ ያለ ጠመንጃው ከደጁ ወጥቶ አያውቅም፣ እጁ ለምዶት አንሥቶት ሮጠ።

ሌላ ጥይት ጮኸ። ይኼኛው ከማዶ ነው።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አትጠይቁኝ። እትየ ጥሩየ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

"የት ነው? ልጅቷ ክርስትና ሳትነሣ? ገና ደምሽ ሳይደርቅ? ወንዝ ዳር ጋኔን እንዳለ አጥተሽው ነው?"

"እትየ፣ ወንዙ ላይ ያሉት አባቴና ባሌ ናቸው" አልኳቸው። "ጋኔኑ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።"

ፊቴን አይተው እጃቸውን አወረዱ። ልጅቷን በነጠላ ጠቅልለው አስታቀፉኝ። አራስ ሰማንያ ቀን ከቤት በማትወጣበት አገር፣ እኔ አንድ ሰዓት ያልሞላት ልጅ ታቅፌ፣ እናቴ በክንዴ ደግፋኝ፣ በቀን ብርሃን ቁልቁለቱን ወረድኩ። መንገዱ አጭር ነው ብያችሁ ነበር። ያን ቀን አልደርስ አለኝ።

ስደርስ ያየሁትን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። አባቴ ወንዙ መሀል ተቀምጧል። ጠመንጃው ድንጋይ ላይ ወድቋል። ቀኝ እጁን በግራው ይዟል፣ ከሥሩ ውሃው ቀልቶ ይወርዳል። በዚህ በኩል ወይራ ሜዳዎች ካቡ ላይ ተኝተው አነጣጥረዋል፤ በዚያ በኩል ቆቅ አምባዎች። ጎበዜ ከካቡ ወጥቶ ውሃው ዳር ቆሟል፣ ምንሽሩ አባቴ ላይ ነው።

"የት አለች?" ይላል። "የት አደረጋችኋት?"

አባቴ በአገጩ ወደ ቤቱ በኩል ያሳያል።

"ጎበዜ!" አልኩ።

ዞር አለ። ሙት ያየ ሰው ሆነ።

"ይኸው አለሁ! ይኸው ልጅህ! ሴት ናት! የተኮሰው ለእሷ ነው!"

"ለሴት?" አለ አንዱ ከቆቅ አምባ ካብ ጀርባ።

"ለሴት?" አለ ሌላው፣ ይኼ ደግሞ ከእኛው ከወይራ ሜዳ።

"አዎ ለሴት! ምን አገባችሁ!" ብዬ ጮኽኩ። "ደስ ብሎት ነው! ደስታ የሚባል ነገር ረሳችሁ እንዴ? በሬ ሰጥታችሁ ብረት ገዛችሁ፣ አሁን ደግሞ ሰው ልትገድሉበት ነው? በሉ ተኩሱ! መጀመሪያ እሷን ምቱ፣ ገና ስም እንኳ የላትም!"

ልጅቷ በጩኸቴ ነቅታ አለቀሰች። ያ ሁሉ ወንድ እሷን ሰማ። ጎበዜ ምንሽሩን እጁ ላይ እንዳለ እንደማያውቀው ነገር አየውና መሬት ላይ አኖረው። ከዚያ ልብሱን እንኳ ሳይሰበስብ ውሃ ውስጥ ገብቶ እየተደናቀፈ መጣ። ወደ እኔ የመጣ መስሎኝ ነበር። አባቴ እግር ላይ ወደቀ።

አያ ካሴም ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። የተኮሱት እሳቸው ናቸው። ሻሻቸውን ፈትተው የአባቴን እጅ እያሰሩ፣ "ለምን ጠመንጃ አንሥተው ይሮጡብናል?" አሉት። እንባቸው ይወርዳል።

"ተው ልላችሁ እኮ ነው እጄን ያነሣሁት" አለ አባቴ።

"እጅዎ ላይ ጠመንጃ ነበረ!"

"ረሳሁት" አለ አባቴ። "እውነቴን ነው ካሴ፣ ረሳሁት።"

አያ ካሴ ውጅግራውን ከድንጋዩ አንሥተው ከፈቱት። ባዶ ነው። የአባቴን ወገብ ዳበሱ።

"ሌላው ጥይት የት አለ?"

"ሌላ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"አንድ ነበር" አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ። "ሲሸጥልኝም አንድ ብቻ ነበር ያለው። ባዶ መሆኑን ብትሰሙ ትደፍሩናላችሁ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴም።"

እናቴ "አንድ?" አለች። "ቡሬን ያህል በሬ ለአንድ ጥይት?"

ያኔ ጎበዜ መሬት ላይ እንደተቀመጠ በእጆቹ ፊቱን ሸፍኖ፣ "የእኔ ደግሞ ምንም የለውም" አለ። "የሰጡኝ ጥይት ልኩ አይደለም፣ አይገባም። ሰባት ወር ሙሉ ባዶ ብረት ነው የተሸከምኩት።"

ከካቡ ጀርባ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። ወንዶች አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ አንዱ የእሱ ቃታው እንደማይሠራ፣ አንዱ ሦስት ጥይት ብቻ እንዳለው ተናገረ። የሚተኩሰውማ የጣሊያኑ ስጦታ ነው። ጣሊያን አራት ጠመንጃ ሰጥቶ ዞር ብሎ ሳያየን እኛ ራሳችን ስንፈራራ በሬ ጨርሰናል። እንግዲህ በጠላት ላይ ጠመንጃ ማንሣት ሌላ ነገር ነው፤ ከአርበኛ ጋር ዱር የገቡ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የእኛ ግን አፈሙዙ ዞሮ የመጣው ጎረቤት ላይ ነው።

የአባቴ እጅ ዳነ፣ ሦስት ጣቶቹ ግን ተቆርጠው ቀሩ። እርፍ መጨበጥ ከዚያ በኋላ አልቻለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አያ ካሴን "ካሳ ክፈል" ሲሉ አባቴ ተነሥቶ፣ "ካሳ አልፈልግም። እረስልኝ" አለ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አያ ካሴ ጥንድ በሬያቸውን ነድተው ሙቀጫን ተሻገሩ። መጀመሪያ የአባቴን፣ ቀጥለው የጎበዜን፣ መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ማሳ አረሱ። የዘር ጊዜ ሲደርስም አባቴ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ በግራ እጁ ዘሩን ይበትናል። ለግራ እጅ ስላልለመደ ጤፉ አንድ ቦታ ጥቅጥቅ፣ አንድ ቦታ ስስ ሆኖ በቀለ። ያንን የሚያህል ያማረ ጤፍ አይቼ አላውቅም ስል ብርቄ "እማየ አጋነንሽ" ትላለች። ልጅቷን ብርቄ ያላት አባቴ ነው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ክርስትና እናቷ የአያ ካሴ ሚስት ሆኑ።

ጣሊያን አገር ለቆ ከወጣ በኋላ አባቴና ጎበዜ ውጅግራውንና ምንሽሩን አንድ ላይ ይዘው ገበያ ሄዱ። ሁለቱ ተደምረው የለወጡት አንድ ወይፈን ነው። ሁለት የታወቁ የእርሻ በሬዎች ሄደው አንድ ያልተገራ ወይፈን መጣ። ጎበዜ "ቡሬ እንበለው" አለ። አባቴ ግን "ተው፣ ቡሬ አንድ ነበር" አለው። ዳማ የት እንደደረሰም ሰምተን አናውቅም። አንዳንዴ ማታ ወንዙ ማዶ በሬ ሲጮህ አባቴ ወሬውን አቋርጦ ያዳምጥ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ የተማርኩ ሴት አይደለሁም፤ ነገሥታት ለምን እንደሚዋጉ አላውቅም። ሬዲዮ ላይ ይኼ አገር ይህን ያህል አውሮፕላን ገዛ፣ ያኛው ይህን ያህል ሲባል ግን ስንት በሬ ሄደ እላለሁ በልቤ። ማዶውም እንደዚሁ "የገዛው ለእኔ ነው" እያለ ይሆናል እላለሁ። እኔን የለወጠኝ ያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ወንዶች ሲያወሩ ማጀት የምገባ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ግን በቀየአችን ነገር ሲነሣ እኔ ሳልጠራ እሄዳለሁ፣ መሀል እገባለሁ፣ ምላሴንም አልቆጥብም። ያቺን የመድፍ ቀልድ ግን ደግሜ አልቀለድኩም።

አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ በተኛበት አረፈ። ቀብሩ ላይ የሁለቱም ቀየ ሰው መጣ። ለታላቅ ሰው ቀብር መተኮስ ወግ ነውና ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል አፈሙዞቹ ወደ ሰማይ ቀና ቀና አሉ። ያኔ አያ ካሴ ወጡ። አርጅተው በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፣ ያችው የጣሊያን ጠመንጃ ግን ትከሻቸው ላይ ነበረች።

"ቆዩ" አሉ። "አለኸኝ በዕድሜው አንድ ጥይት ነበረችው። እሷንም ለሴት ልጅ ተኮሳት። ለእሱ አይተኮስም።"

በምርኩዛቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ጠመንጃቸውን ሣሩ ላይ አኖሩ። ቀጥሎ ጎበዜ ባዶ እጁን ዘርግቶ ከአጠገባቸው ቆመ። ከዚያ የወይራ ሜዳውም የቆቅ አምባውም ሰው፣ አንዱ ሌላውን "አንተ አስቀድም" ሳይል፣ ሁሉም ጎንበስ እያለ አስቀመጠ። ብርቄ እጄን ይዛ ነበር። አሁንም ብዕሩን አስቀምጣ ይዛኛለች።